ቁልፍ ለቁልፍ

የሆቴሉን ዋጋ ደውዬ ጠየቅሁኝ፣
ያንድ ሌሊቱን ሒሳብ ሰምቼ ሳቅሁኝ።
ልጆቼ ሐይቅን የሚያውቁት በደብተር፣
አባታቸው እኔ፣ የአማርኛ መምህር፣
ቤት መምታት ሳስተምር ዕድሜዬን የፈጀሁ፣
ከቤቴ ወጥቼ ግን የትም ያልሄድሁ።

ሌንሴ ናት ዘዴኛዋ። በአክስቷ ልጅ በኩል
አገኘች አንድ ሰው፣ ኪሱ የኛን የሚያክል፤
ዱካሞ ነው ስሙ፣ ሐዋሳ፣ ታቦር ስር ነው ቤቱ፣
የሶደሬ ፍል ውሃ ታዞላት ለሚስቱ
(ጉልበቷ እንደ ዛገ መዝጊያ ሲጥ ይላል)፣
አልጋ ተከራይቶ ማን ይዘልቀዋል?
"እናንተ ወደኛ፣ እኛ ወደናንተ፣
ለዐሥር ቀን ብቻ። ምን ትላለህ አንተ?"

ባቱ ላይ ተያየን፣ ለምሳ ቢቆም ባሱ፤
እኔ ቁልፌን ሰጠሁ፣ ቁልፉን ሰጠኝ እሱ።
ዞር ብዬ በመስኮት ባየው ሲርቀኝ፣
ቤቴ በሰው ኪስ ውስጥ ሲጓዝ ታየኝ።

ወረቀት ጠበቀን፣ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ፦
ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት በኋላ።
በሩ ይነክሳል፤ ከፍ አድርጋችሁ ግፉት።
የወደቀ አቮካዶ የናንተ፣ ያልወደቀው የጦጣ።
አባ ኮዳ ጣራው ላይ ቢንጎራደድ ሌባ እንዳይመስላችሁ።
የእድር ሰው ከመጣ፣ "እኛ ነን" በሉ።

እኔም ጽፌ ነበር፦ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ
በበሩ ስር ሲገባ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፤
ቡታጋዙ ትዕግሥት ይወዳል፤ ድመቷ የማንም አይደለችም።
ያልጻፍሁት አንድ ነው፦
ከግንቡ ወዲያ እትዬ ጥሩወርቅ አለች፣
በአንድ የዝናብ ቦይ ሰበብ ሦስት ዓመት የዘጋችኝ፣
ሦስት ዓመት የዘጋኋት።
ይኼ ምኑ ይጻፋል?

ሐይቁን አየን። ናኦል እግሩን ነክሮ ጮኸ፤
ታናሽየዋ የጉማሬ ጆሮ ቆጥራ፣ ሦስት አለች።
አሞራ ገደል ዓሣ በላን፣
እሾሁን ለአሞራው ትተን።

በአራተኛው ሌሊት በሩ ተንኳኳ።
"ዱካሞ! ተነሥ፣ ሰው ሞቷል፣ ድንኳን ይውጣ።"
"እኛ ነን" አልሁና ጫማዬን አሰርሁ፣
ከማላውቃቸው ጋር ብረት ተሸከምሁ፣
ለማላውቀው ሟች ካስማውን ተከልሁ።
ሲነጋ ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ፣
"ዱካሞ፣ ተገኝቷል" ብሎ ምልክት ሰጠ።
ማረም ሥራዬ ነው።
ያን ቀን አላረምሁም።

ማታ ደወለልኝ። "ሚስቴ ደረጃ ወጣች!
ጎረቤትህ ደግሞ፣ ምን ያለች ሰው ናት!
ጨው ጎድሎን ጠየቅናት፤ ዶፍ ወርዶ ስለነበር
ቦዩንም አብረን ጠረግነው፣ እኔና ልጇ።"
ስልኩን እንደያዝሁ ቀረሁ።
"ሄሎ? ሄሎ?" አለ።
"ኔትወርኩ ነው" አልሁት።

ተመለስን። ነፋሱ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለን።
እቤት ስገባ ወንበሬ ፊቱን አዙሯል፣
ከቴሌቪዥኑ ወደ መስኮቱ።
ለካ ያ መስኮት ኮረብታውን ያሳያል፣
ነጫጮቹ የነፋስ ማማዎች ክንፋቸውን ሲያዞሩ፤
ዐሥራ አራት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ኖሬ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ።
"ቤት ለእንቦሳ!" አለችኝ፣ በገዛ ቤቴ ደጃፍ፣
ልትስቅ ነው ወይ ልትቆጣ፣ አልለየሁም።
"እንቦሳ እሰሩ" አልሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዓይኗን ወደ ጓዳ ላከች፦
"ሰውየህ ደግ ነው። ጨዉን ግን ሳይመልስ ሄደ።"

ጓዳ ገባሁ።
"በሲኒ ነበር የወሰደው" አለች ከደጅ።
ጣሳውን ሞላሁት።